በሁለተኛ ማርሽ የወጣነው አቀበት

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምጽፈው ያን ጊዜ ከኩላሊት እጥበት ክፍሉ በር በላይ የተሰቀለውን ሰዓት ከእጄ ሰዓት ጋር እያስተያየሁ ስለ ነበር ነው፤ የግድግዳው በአራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ ወጣችና የባለቤቴን ካርድ እንደያዘች ፊቴ ቆመች።

«አባቴ፣ እማማ ቤት ውስጥ ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ጾም ላይ ናት» አልኳት።

«እሱንማ ነግረውኛል። ከጾሙ ሲወጡስ? በስድስት ሳምንት ዘጠኝ ኪሎ ቀንሰዋል እኮ! ይሄ የምናወጣው ውኃ አይደለም፤ ሥጋቸው ነው ያለቀው። ይብሉ ብዬ ስንቴ ነገርኳቸው። ‹ባለቤቴ ያውቃል፤ መሐንዲስ ነው፤ እሱ ነው ያሰላልኝ› አሉኝ።»

ያሰላሁት ምን እንደ ነበር ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም። ወረቀቱ በኪስ ደብተሬ ውስጥ ታጥፎ፣ በደረቴ በኩል፣ እዚያው ከእኔ ጋር ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ማስቀመጥ አለብኝ። የባለቤቴ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደሟ በመሣሪያ መታጠብ አለበት፤ አንድ ቀን ከዘለለ ውኃው ሳንባዋ ላይ ይወጣል። እኛ የምንኖረው አብነት ነው። እጥበቱ የሚሰጥበት ቦታ ደግሞ ከተክለ ሃይማኖት ወዲያ፣ ሽቅብ ነው። በካርታ ላይ በማስመሪያ ብለካው የሚያስቅ ርቀት ነው። ለእርሷ ግን በእግር የማይሞከር፣ በታክሲ ደግሞ ከርቀቱ ይልቅ ሰልፉ የሚገድል ሆነ። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ሚኒባስ ሲመጣ ሰው በበሩም በመስኮቱም ይጋፋል። አንድ ማክሰኞ ገፍተው ጣሏት። የጣላት ጎረምሳ ራሱ ደንግጦ «ማዘር፣ አፉ በይኝ!» እያለ አነሣት፤ መኪናው ግን ሄዶ ነበር፤ እኛም አርባ ደቂቃ ዘግይተን ደረስን። ኮንትራት መኪና በሳምንት ስድስት ጊዜ በጡረታ አበል አይታሰብም። ልጆቻችን ሁለቱም ክፍለ ሀገር ናቸው፤ የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው።

ሞተር ሳይክል የመግዛቱ ሐሳብ የእኔ ነበር። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የመካኒካል ምሕንድስና ነው፤ ስለ ሞተር ጉልበት ተማሪ ሆኜ የጻፍኩት ጽሑፍ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ በዕድሜዬ ከብስክሌት ሌላ ባለ ሁለት ጎማ ነድቼ አላውቅም ነበር። ጌጃ ሰፈር የሚሠራ አንድ መካኒክ አለ፤ ወሎዬ ነው፤ አባቱም እዚያው ብየዳ ይሠሩ ነበር። እርሱ ዘንድ ሄጄ ያገለገለች መቶ ሲሲ ሞተር አየሁ።

«ይህቺ የጀማሪ ናት ጋሼ» አለኝ። «አንድ ሰው ከነምሳ ዕቃው ታደርሳለች። ሁለት ሰው ግን…» እጁን እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ።

«ሁለተኛው ሰው ባለቤቴ ናት።»

«እትዬ? በሞተር? ኧረ ወላሂ፣ ያን ቀን ሰፈሩ ሱቁን ዘግቶ ነው የሚያየው!»

ቀልዱን ሲጨርስ ግን ነገሩ ገባውና ትልቋን፣ ሁለት መቶ ሲሲዋን፣ ከጥላው አወጣልኝ። ተቀመጥኩባት። ቁመቷ ከእኔ ጭን በላይ ነው፤ ሁለቱንም እግሬን መሬት ማስነካት አልቻልኩም። ገና ሞተሩ ሳይነሣ ወደ ቀኝ ዘንበል አለች፤ ልመልሳት ሞከርኩ፤ ላዬ ላይ ወደቀችብኝ። መካኒኩና ጎረቤቱ ተጋግዘው ከላዬ ሲያነሷት ከሥሯ አንዱ ጫማዬ ብቻውን ቀርቶ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ አቧራዬን እያራገፈ፣ «ትልቋ ለእትዬ ትበቃለች፤ ለርስዎ ግን በዛች። ትንሿ ለርስዎ ትበቃለች፤ ለእትዬ ግን እንጃ።»

ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ የቴክኒክ አስተያየት ሰምቼ አላውቅም። ትንሿን ወሰድኩ። አሥራ ሁለት ቀን በጠዋት ኳስ ሜዳ ላይ ተለማመድኩ፤ መንጃ ፈቃዱንም ተፈትኜ አገኘሁ። አልፎ አልፎ የሕንፃ መካኒካል ንድፍ ስለምሠራ፣ ሞተሯ ንድፍና ሰነድ እንድታመላልስ ከትራንስፖርት ቢሮ ተፈቀደልኝ። ፈቃዱ ሰው መጫንን አይጨምርም። በሕይወቴ ቀይ መብራት ጥሼ የማላውቅ ሰው፣ በየሳምንቱ ስድስት ጊዜ ሕግ መጣስ ጀመርኩ። አልጸድቅበትም፤ አልሸሽገውምም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን ሞተሯን ዙሪያዋን ዞራ አየቻት።

«አንተ ሰው፣ የሠርጌ ዕለት በመርሴዲስ ወስደኸኝ በእርጅናዬ በዚህ? እየወረድን ነው የሄድነው ማለት ነው።»

«እግርሽን ወዲያ ማዶ አሻግሪና ተቀመጪ።»

«እግሬን ከፍቼ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ሞቼ ነው!»

በጎን ተቀመጠች፤ ሁለት እግሮቿን በአንድ በኩል ገጥማ፣ ነጠላዋን የኋላ ጎማው ካቴና እንዳይበላው ጭኗ ላይ ሰብስባ፣ በአንድ እጇ ወገቤን ይዛ። ሚዛን እንደሚያዛባ ነገርኳት። አልሰማችኝም፤ የእርሷ ዕድሜ ሴት በሌላ አኳኋን አትቀመጥም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። እርሷን አየ፤ እኔን አየ፤ ክንዷ ላይ ያለውን ፋሻም አየ።

«እናቴ፣ ይሄ በቅሎ አይደለም እኮ» አላት።

«ባውቅማ ኖሮ በቅሎዋን አልሸጥም ነበር፣ ልጄ» አለችው።

ጀርባውን ሰጥቶን ሌላ መኪና ለማስቆም ሄደ። ከዚያ በኋላ ባየን ቁጥር ጀርባውን ይሰጠናል።

ችግራችን አቀበቱ ነበር። ወደ ተክለ ሃይማኖት ስንወጣ ሞተሯ በመጀመሪያው ማርሽ፣ እንደ ታማሚ እያቃሰተች፣ ከእግረኛ ባልበለጠ ፍጥነት ትንፏቀቃለች። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ መካከሉ ላይ ጨርሳ ቆመች። ባለቤቴ ወርዳ መራመድ ጀመረች፤ አርባ እርምጃ ያህል ሄዳ የአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሞተሯን እየገፋሁ ደረስኩባት። ባለ ሱቁ ወንበር አወጣላት፤ ሞተሯ ስትበርድ ቀጠልን።

በማግስቱ እሑድ ሜትርና ውኃ ልክ ይዤ አቀበቱን ልለካ ወረድኩ። መለካት የምችለውን ነገር ሳልለካ ማዘን አልወድም። አስፋልቱ ዳር ተንበርክኬ ቁጥር ስጽፍ ያው ባለ ሱቅ ሮጦ መጣ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው? እኛንም ሊያፈርሱን ነው እንዴ?»

«የለም፣ የራሴን ጉዳይ ነው የምለካው።»

«የራስዎን በራስዎ ቤት ይለኩ እንጂ ልባችንን ያወርዱታል!»

ቤት ገብቼ ከምሳ በኋላ ስሌቱን ሠራሁ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አንድ ነገር ስሠራ ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ አለኝ፤ በሥራ ዘመኔ ለረዳቶቼ የማደርገው ነበር። የፋብሪካው ጽሑፍ የሚፈቅደው ከፍተኛ ጭነት አንድ መቶ ሃምሳ ኪሎ። እኔ ስልሳ አራት። እርሷ ሰባ ስምንት። ሁለት የራስ ቁር፣ ጋቢ፣ ቦርሳ፣ በሁለት እጥበት መካከል የሚጠራቀመው ውኃ። የአቀበቱ ተዳፋትነት፤ የከተማችን ከፍታ ከሞተር ጉልበት የሚቀንሰው። ሁሉንም አነበብኩላት።

«እና ስንት ብቀንስ ነው የሚቀላት?» አለችኝ ጎመኑን ሳታቆም።

ይህን ጥያቄ እንደ ጥያቄ ብቻ ሰማሁት። ማን እንደ ጠየቀኝ፣ ለምን እንደ ጠየቀችኝ አላሰብኩም። እርሳሴን አነሣሁ፤ ሁለት መስመር ሠራሁ፤ መለስኩላት።

«አሥር ኪሎ ብትቀንሺ አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣዋለች።»

«አሥር» አለች።

የነቢያት ጾም ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ገባ። እኔ ጾም ከተውኩ ዘመናት ሆኖኛል፤ ቤታችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ክርክር የለም። እርሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች፤ እኔ በስድስት ሰዓት ተኩል ብቻዬን እበላለሁ፤ በስምንት ሰዓት ወደ ንድፍ ጠረጴዛዬ፣ ወደ ልደታ፣ እሄዳለሁ። በአሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ሳህኗ ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ አገኘዋለሁ። ራት ሳቀርብ «ቅድም በልቻለሁ፤ አሁን ከበላሁ ይከብደኛል» ትለኛለች። ለታመመ ሰው የተነገረውን የምግብ ዝርዝር እኔው ነበርኩ በግድግዳው ላይ የለጠፍኩት፤ ግን ጾም ነው በተባለ ቦታ ሁሉ ዝርዝሩን የማንበብ መብት የለኝም ብዬ አሰብኩ። ይህን አክብሮት ነው ብዬ ነበር የምጠራው። አሁን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

በኅዳር ማብቂያ ሞተሯ ተለወጠች። መጀመሪያ አቀበቱን በግማሹ፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስተኛውን በሁለተኛ ማርሽ ወጣች። በታኅሣሥ የመጀመሪያው ቅዳሜ ማርሽ ሳልቀንስ ከሥር እስከ ላይ ደረስን። ላይ ስንደርስ ጥሩንባውን ነፋሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ ያለ ምክንያት፣ በአደባባይ ጥሩንባ ነፋሁ። ከኋላዬ ባለቤቴ «አይ ያንተ ነገር!» እያለች ስትስቅ የሳቋን ንዝረት በጀርባዬ ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩን ላመሰግን ሄድኩ። በዚያ ሳምንት ሞተሯን አይቶልኝ ነበር።

«እጅህ ይባረክ» አልኩት፤ «አቀበቱን እየበረረች ነው የምትወጣው።»

እርሱ ግን ግራ ገብቶት አየኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ካቴናዋን አጥብቄ ካንዴላዋን ነው የጠረግሁት። ይሄን ያህል ለውጥ ከዚያ አይመጣም።»

አይመጣም። ይህን እርሱ ከሚያውቀው በላይ እኔ አውቃለሁ። የጠበቀ ካቴና አንድ ሙሉ ማርሽ እንደማይሰጥ በስሌት ማሳየት እችል ነበር። ጭነቱ ካልቀነሰ፣ ጉልበቱ ካልጨመረ፣ አቀበቱ ካልተደለደለ አንዲት ሞተር ተነሥታ አትበረታም። ጉልበቱ አልጨመረም፤ አቀበቱንም ራሴ ለክቼዋለሁ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዓይኔን አልጣልኩበትም። «የአንተ ትሕትና ነው» ብዬው ሄድኩ።

እንግዲህ ነርሷ በዚያ ሐሙስ ካርዱን ስታሳየኝ፣ ሰባ ስምንት በነበረበት ቦታ ስልሳ ዘጠኝ ተጽፎ ሳይ፣ ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ሳህኑን ነው ያሰብኩት። ከንፈሩ በአንድ በኩል የተሸረፈ ሳህን ነው፤ ጠዋት መደርደሪያው ላይ ስደፋው ስባሪው ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ማታ ስመለስም ስባሪው እንደ ተውኩት ወደ ግድግዳው ነበር። በየቀኑ።

ነርሷ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ተዘርግታለች፤ ደሟ በቀጭኑ ቱቦ ወጥቶ በቀጭኑ ቱቦ ይመለሳል። ፊቷን አየሁት። በየቀኑ የማየው ፊት ነው፤ ግን በየቀኑ ስለማየው አላየሁትም። ጉንጯ ገብቷል። የጋብቻ ቀለበቷ በጣቷ ላይ የለም፤ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ታሰላ ነበር።»

«ተራቢ አላልኩሽም!»

«ቀስ በል፤ ሰው ይሰማል። አሥር አላልክም?» አለችኝ። «ዘጠኙን ቀንሻለሁ። አንድ ነው የቀረኝ።»

የቤት ሥራዋን ልትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ የቀራት ተማሪ ፊት ነበራት። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም፤ እንዲያ ነበረች።

«የንስሐ አባትሽ ምን አሉ?»

«‹ለታመመ ሰው ጾም የለም፤ ብዪ› ነው ያሉኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ነግረውኛል። አንተን ዝም የሚያሰኝ ሌላ ነገር አጥቼ ነው።» ከዚያ ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች። «ያን ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኜ አይቼሃለሁ እኮ። ሞተሯን ስትገፋ በየአምስት እርምጃው ትቆም ነበር፤ ከንፈርህ ጠቁሯል። እኔስ እሺ፣ ለመሞት ተራ የያዝኩ ነኝ። አንተ እዚያ አስፋልት ላይ ብትቀርብኝስ? ሞተሯን ማጠንከር አልችልበትም፤ አንተንም ልጅ ማድረግ አልችልም። የምችለው ይህን ብቻ ነበር።»

ነርሷ መጥታ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ እያለች ዘረዘረች፤ ሥጋዋ ካልተመለሰ ልቧ እጥበቱን እንደማይችለው በግልጽ ነገረችን። ባለቤቴ «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» አለቻት፤ ለማንም ሰው በምትልበት ድምፅ።

ያን ዕለት ስንመለስ ወገቤን የሚይዘው እጇ ሁለት ጊዜ ለቀቀ። ሞተሯን አቆምኩ። ጋቢዬን አውልቄ ከጀርባዋ አዙሬ፣ በብብቷ ሥር አሳልፌ፣ ደረቴ ላይ ቋጠርኩት፤ ሕፃን በጀርባ እንደሚታዘል። መንገደኞች ቆመው አዩን። አንዲት ሴት «እሰይ አባባ፣ እንዲህ ነው ፍቅር!» ብላ አጨበጨበች። ፍቅር አልነበረም በዚያች ሰዓት፤ ፍርሃት ነበር። ጀርባዬ ላይ ያረፈው አካል የቀለለኝን ያህል ምንም ነገር አክብዶኝ አያውቅም።

ማታ ስሌቱን የያዘውን ወረቀት ልቀደው አወጣሁት። ከእጄ ወሰደችውና መልሳ አጠፈችው።

«አትቅደድ። ትክክል ነው የሠራኸው። ግን አንድ ነገር ቃል ግባልኝ፤ ከእንግዲህ ኪሎዬን አትጠይቅ። እኔንም፣ ነርሷንም፣ ካርዱንም። እንደ ጭነት መቆጠር አልፈልግም። እበላለሁ። ከጠየቅህ ግን አልበላም።»

ቃል ገባሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ትልቋን ሞተር መንዳት አልችልም። የታክሲው ሰልፍ ያው ነው። ትንሿም የሰባ ስምንት ኪሎዋን ባለቤቴን ካገገመች በኋላ በዚያ አቀበት ላይ ጥላን ትቆማለች። ልትድን ከሆነ ሞተሯ አትበቃም፤ ሞተሯ ከበቃች እርሷ እያለቀች ነው። ይህን ቀመር በየትኛውም በኩል ባዞረው አይፈታልኝም።

ስለዚህ የቀረኝ ሚዛን ሞተሯ ብቻ ናት። በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት አቀበቱ ሥር ስንደርስ በሁለተኛ ማርሽ ገባሁበትና ጆሮዬን ወደ ታች ጣልኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጥሩንባ ያስነፋኝ ድምፅ፣ ያ ጥርት ያለ፣ ያልተጨነቀ ድምፅ፣ ከሥሬ ወጣ። እንድታቃስት ለመንኳት። ባለ ሱቁ ደጃፍ ጋ ስንደርስ እንድትቆም፣ እንድትታፈን፣ መንገድ መካከል ላይ እንድታሳፍረኝ ተመኘሁ። ቀጥ ብላ ወጣች።

አሁን እንቁላሉን ጠዋት እኔው እቀቅላለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላታለሁ። ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው፤ ስባሪውም በሌላ በኩል ዞሮ አገኘዋለሁ። እርሷ ግን ስለ ስባሪው ታውቃለች፣ እኔው ነግሬያታለሁ፤ ስለዚህ እርሱም ማስረጃ አይሆነኝም።

ይህን የምጽፈው በየካቲት መጨረሻ ነው። ያልተፈታው የሚከተለው ነው። ባለቤቴ ትብላ አትብላ አላውቅም፤ እየበላች ሥጋዋ አልመለስ ብሎ እንደ ሆነም አላውቅም። አልጠየቅሁም። ሞተሯ እስከ ትናንትናው ማክሰኞ ድረስ አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣዋለች።